ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ

በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ነፍስ ያወቀ ሰው ያንን የሞስኮ ኦሎምፒክ ክረምት ሲያነሳ ሯጩን ምሩጽ ይፍጠርን ሳይጠራ አያልፍም። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት ይቆጠር ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤት ግን የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነው። የደከመው የሬዲዮ ድንጋይ ከደመና መሐል ብቅ ባለችው ፀሐይ ይሞቃል፤ አንቴናው ተስቦ ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ ትልልቆቹ ወንበሩን ይይዛሉ፤ እኛ ልጆች መሬት ላይ እንኮለኮላለን። ከዚያ በኋላ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነው፦ “ማርሽ የሚቀይረው መቼ ነው?”

አዲግራት የተወለደው ምሩጽ በፋብሪካ ሠርቶ፣ ጋሪ ነድቶ፣ አየር ኃይል ገብቶ ነው ሯጭነቱ የታወቀለት። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ፀጉሩ ያለ ጊዜው የሸሸ ነበር። የሚሮጠው 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ይሁን እንጂ አጨራረሱ የመቶ ሜትር ሯጭ ነው። ከሰው መሐል ተደብቆ ይቆይና 300 ሜትር ያህል ሲቀር ይፈተለካል፤ ማርሽ ቀያሪ ያሰኘውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ይደርስበታል!

ለሞስኮው ድል የበቃው ግን ብዙ ተፈትኖ ነው። በ1963 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ዱርሃም ላይ በ5 ሺህ ሜትር ዙር ተሳስቶ፣ አንድ ዙር እየቀረው የጨረሰ መስሎት ቆመ። በማግስቱ 10 ሺህ ሜትር ገብቶ አሜሪካዊውን ሯጭ ፍራንክ ሾርተርን አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5 ሺህ ሜትሩ ማጣሪያ ግን አመለጠው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የአፓርታይድ ጉዳይ ባስነሳው አድማ አፍሪካውያን ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀሩ፤ እሱም አብሮ ቀረ። አልተማረረም፤ ሮጠ። በ1969 እና በ1971 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሁለቱንም ርቀቶች ሁለቴ ጠቅልሎ ወሰደ።

ከዚያ የ1972ቱ የሞስኮ ኦሎምፒክ መጣ። ሐምሌ 20 ቀን በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ምሩጽና የቡድን አጋሮቹ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን እየተፈራረቁ ሲያንሩና ሲያበርዱ ታላቁ ፊንላንዳዊ ሯጭ ላሴ ቪረን እንኳን አልቻላቸውም። ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ፣ ቶሎሳ አራተኛ። ሐምሌ 25 ቀን በ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ መጨረሻው ዙር ላይ ምሩጽ በሰው ታጥሮ መውጫ አጣ። ከፊቱ የነበረው መሐመድ ይህን አይቶ ገለል አለና መንገዱን ለቀቀለት። በዚያች ክፍተት ሾልኮ ሄደ፤ በ13 ደቂቃ ከ20.91 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ። መሐመድ በዚያ ውድድር ሜዳሊያ አላገኘም። ምሩጽን ባነሳሁ ቁጥር መሐመድ ከድርን አብሬ የማነሳው ለዚህ ነው።

የውጭ ጋዜጠኞች ስንት ዓመቱ እንደሆነ መጠየቅ አይሰለቻቸውም ነበር። ሰዎች ዶሮዬንና በጌን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ከመልሱ ይልቅ የቆየው ግን ሩጫው ያፈራው ፍሬ ነው። አርሲ ውስጥ የሞስኮውን ድል በአባቱ ሬዲዮ የሰማ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያ ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ እንደ ምሩጽ መሆን እመኝ ነበር እያለ በየአጋጣሚው ይናገራል። የኢትዮጵያ ሯጮች በመጨረሻው ዙር ሲፈተለኩ ባየሁ ቁጥር የምሩጽን መንገድ አያለሁ።

ምሩጽ የኋለኛውን ዘመኑን በካናዳ አሳልፎ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ አረፈ። ዛሬ ልጆቻችን ሩጫ የሚያዩት እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ነው፤ ስሙን የማያውቁም ብዙ ናቸው። ያንን ሩጫ በሬዲዮ የሰማችሁ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ስለ ሁለቱ ወርቅ ብቻ አይሁን፤ ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስለታገሠባቸው ስምንት ዓመታትና መንገድ ስለለቀቀለት ወንድሙም ንገሯቸው።