ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ዱላ

ልጄ ናንቻኩ ግዛልኝ ብሎ በለመነኝ ጊዜ፣ «አንተ ወሮበላ!» ብዬ ተቈጣሁት። ናንቻኩ ማለት በአጭር ገመድ ወይም በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት በትሮች ናቸው፤ የታወቀውም በጃፓን አገር በኦኪናዋ ደሴት ነው። ብሩስ ሊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. በሲኒማ ካሳየው ወዲህ ግን በየአገሩ ያለ ጐረምሳ ተመኘው።

ዳሩ ግን የካራቴ መምህሩ መጥተህ እይ ስላለኝ ወደ መለማመጃው ቤት ሄድሁ። ለጀማሪዎች የሚሰጠው በትር በስፖንጅ የተሸፈነ ነበር። ልጄ ቸኵሎ በኃይል ቢያሽከረክረው፣ በትሩ ተመልሶ የገዛ ክርኑን መታው። እርሱ ግን ሳይቈጣ እንደ ገና ዝግ ብሎ ጀመረ፤ አንደኛውን በትር በትከሻው ላይ አሳልፎ በብብቱ ሥር በሌላው እጁ መቀበልን ብቻ መላልሶ ተማረ። መምህሩም፣ «መወርወርማ ማንም ይወረውራል፤ ትምህርቱ መቀበል ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ በቍጣ የወረወርሁት ቃል ትዝ አለኝና አፈርሁ። ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ልጄ ሆይ፣ ወሮበላ ስላልሁህ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ዝም ብሎ እጄን ያዘ። በማግስቱ ናንቻኩውን ገዛሁለት፤ የስፖንጁን።