ቀይዋ መብራት ሳትበራ

ድግስ ባለበት ግቢ ሁሉ ከታዳሚው ዓይን ተሰውሮ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ የድምፁ ባለሙያ። ድምፁ ሲያምር ዘፋኙ ይመሰገናል፤ መሣሪያው ሲያፏጭ ግን አንገት ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል። በጁባ ምዕራባዊ ክፍል በተንጣለለው ጉዴሌ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠርግ ሲደግሱ ወይም ለበዓል ሲሰባሰቡ፣ ሞንታርቦውና ሚክሰሩ ከድንኳኑና ከወንበሩ እኩል የሚታሰብ የኪራይ ዕቃ ነው። ከጥግ የጄኔሬተሩ ጩኸት አለ፤ እርሱን ለመብለጥ ሲባል ሁሉም ነገር ከፍ ይደረጋል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ማይክራፎን የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፤ በጥቂት ሚሊቮልት ይለካል። በባለሙያ መሣሪያዎች ልማድ ግን ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ምልክት 1.23 ቮልት ግድም ደርሶ መጓዝ ይኖርበታል። ይህን ርቀት የምታስኬደው በየመስመሩ አናት ላይ ያለችው ጌይን የምትባል ቁልፍ ናት። 60 ዴሲቤል ጨመረች ማለት ቮልቴጁን 1000 ጊዜ አበዛች ማለት ነው። ከታች ያለው ተንሸራታቹ ፌደር ሥራው ሌላ ነው፤ ተሰናድቶ የመጣለትን ያሳልፋል ወይም ይቀንሳል። ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ድምፁ አናት ላይ ከተሰነጠቀ በኋላ ፌደሩን ዝቅ ቢያደርጉት፣ የሚሰማው ያው የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፤ ለስለስ ብሎ ይሰነጠቃል እንጂ አይድንም። ሊጡ ከኮመጠጠ በኋላ የምጣዱን እሳት መቀነስ እንጀራውን አያጣፍጠውም። ጌይኗ ከመጠን በታች ስትሆን ደግሞ፣ ኋላ ላይ ድምፁን ለማንሣት ሲሞከር የመሣሪያው ሽሽታ አብሮ ይነሣል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ፌደሩን ዘግቶ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ፣ ከፌደሩ በፊት ያለውን ምልክት ለብቻው የምታሰማዋን ቁልፍ ተጭኖ ይጀምራል። ተናጋሪውን በእውነተኛ ድምፁ ያናግረዋል። የሚመጣለት ግን አብዛኛውን ጊዜ በለሆሳስ የሚባል «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ነው፤ ያው ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ ጠቋሚው ዜሮ አካባቢ እንደዋለ ጌይኗን ይተዋታል። በጥሩ መሣሪያ ከዚያ በላይ 18 ወይም 20 ዴሲቤል ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እርሱም ለእልልታ፣ ለከበሮና ለሳቅ የተጠበቀ ነው። ከዚያ በኋላ ፌደሩ ዜሮ ወደተጻፈበት መስመር ይወጣል፤ የአዳራሹ ከፍታ በመጨረሻ ይወሰናል።

በካሴት ዘመን ያደጉ ባለሙያዎች ቀዩን ክልል ብዙም አይፈሩትም። ምክንያት አላቸው፤ የካሴት ክር ሲጨናነቅ ቀስ በቀስ ይሻክራል፣ አንዳንዴም ጆሮ ይወደዋል። የዲጂታሉ ዜሮ ግን ግድግዳ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣው ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ይቀራል። በ1939 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ባለመርፌው ጠቋሚም ቢሆን አማካዩን እንጂ ቅጽበቱን አያሳይም፤ ወደ ቦታው ለመድረስ 300 ሚሊሰከንድ ይፈልጋልና። አማርኛን የመሰለ ጠ፣ ቀ እና ጨ የበዛበት ቋንቋ በቅርብ በተያዘ ማይክራፎን ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አያዳግትም። ፈንጂ ፊደላት ያሏቸው ያለ ነገር አይደለም።

በአንድ የጉዴሌ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት አልነበሩም፤ ከአገር ቤት ለመምጣት አልቻሉም። ሊላክላቸው የታሰበው የሽማግሌው ምርቃት ነበር፤ በቀጥታ ከሚክሰሩ እየተቀረጸ። ሽማግሌው ማይክራፎኑን እንደ ጭራ ሆዳቸው ላይ አሳርፈው በቀስታ መመረቅ ጀመሩ። ከኋላ «ድምፅ ጨምር!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አንዱማ መጥቶ የባለሙያውን ትከሻ ነቀነቀ። ወጣቱ ባለሙያ ጌይኗን አልነካም። ተነሥቶ ሄደ፤ በሁለት እጁ የሽማግሌውን እጅ ደግፎ «አባባ፣ ወደ አፍዎ ጠጋ ያድርጉልኝ» አለ። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ግድም ይገኛል፤ ያውም ማፏጨትን ሳይጠራ። ምርቃቱ ጥርት ብሎ ተሰማ። ወዲያው አሜንታውና እልልታው ግቢውን ሲያናጋው ቀይዋ መብራት አልበራችም። ጌይኗ በጩኸቱ ጊዜ ተጨምራ ቢሆን ኖሮ፣ ሙሽራዋ የተመረቀችበት ቃል ተቆርጦ በቀረ ነበር፤ የተቆረጠን ሞገድ ደግሞ እንደነበረ አድርጎ የሚመልስ መሣሪያ የለም። እናቲቱ በማግስቱ ቃል በቃል ሰሙት፤ አንዷን ምርቃት መልሰው መላልሰው አሰሙ ይባላል።

ጉዴሌ ላይ ይህ ጥንቃቄ ሌላም ምክንያት አለው። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. እና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲነሣ ይህ ሰፈር የተኩስ ድምፅ በደጁ ሰምቷል፤ ብዙ ሰውም አልቆበታል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤቶች ያንን አልረሱም። ሚክሰሩ ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ሲበራ ወይም ቀድሞ ሲጠፋ ግን ሞንታርቦው «ዷ!» የሚል ድምፅ ያወጣል። ለእንግዳው ቀልድ ነው፤ በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ ለሚባንን ሕፃንና ለእናቱ ግን ቀልድ አይደለም።

በዚያ ሠርግ ማለቂያ ላይ ረዳቱ የሰፈሩ ልጅ ነበር። ገመዱን ሊነቅል ሲንደረደር ባለሙያው በጁባ አረብኛ «ሽዋይ ሽዋይ» አለው። ፌደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ታች አወረደ፤ አምፕሊፋየሩን አጠፋ፤ ጥቂት ቆየና ሚክሰሩን አስከተለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ጄኔሬተሩ ብቻ ነበር።