ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ

ርእሱን አይቶ ስለ ድምፅ ኮሮጆ ልጽፍ ነው ብሎ የጠበቀ አንባቢ ካለ ከመነሻው ይቅርታውን እለምናለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው፤ ያውም ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ስለሚበሉበት ጨዋታ። ሐሳቡን ያካፈልኩት አንድ ባልደረባዬ «እንዴት ነው ዶክተር፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ ዞምቢ ትጽፋለህ?» ሲል በግማሽ ቀልድ ገሥጾኛል። ተግሣጹን ተቀብያለሁ፤ መጻፉን ግን አልተውኩም። ይህ ጨዋታ ሐያስያንን ያከራከረበት ጥያቄ እኔ በግሌ ለዓመታት ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነውና፤ ውጤቱን የማይለውጥ ምርጫ፣ ምርጫ ነው ወይ?

ነገሩ የሚጀምረው በ2012 መጨረሻ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በዚያን ጊዜ ለዶክትሬት ትምህርት አውሮፓ ነበርኩ። ቀኑ አጭር፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ የመመረቂያ ጽሑፌም ከሦስተኛው ምዕራፍ አልላወስ ያለበት ወቅት ነበር። በጎረቤት ክፍል የሚኖር አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና «አንተን የሚመስል ሰው አለበት» አለኝ። እኔን ይመስላል የተባለው ሊ ኤቨረት የሚባል፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምር የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። መመሳሰላችን እዚያው ላይ ያበቃል። ሊ ከሚስቱ ጋር የደረሰበትን የግዛት ሴናተር ገድሎ ተፈርዶበታል፤ ታሪኩ ሲከፈት በፖሊስ መኪና የኋላ ወንበር፣ እጁ በካቴና ታስሮ፣ ወደ ወኅኒ እየተወሰደ ነው። መኪናው መንገድ ላይ የቆመ አንድ ሬሳ ይገጭና ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት የለም፣ ወኅኒ የለም፣ መንግሥት የለም። ሊ በእነዚህ ሁሉ ምትክ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ያገኛል። ወላጆቿ ሳቫና ወደምትባል ከተማ ሄደው አልተመለሱም፤ ልጅቱ ጓሮ ውስጥ ዛፍ ላይ በተሠራች የመጫወቻ ጎጆ ተሸሽጋለች። ስሟ ክሌመንታይን ነው።

ጨዋታው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ይባላል፤ ሮበርት ኪርክማን ከ2003 ጀምሮ ሲጽፈው ከነበረው ባለሥዕል መጽሐፍ ዓለም የተቀዳ ነው። የሠራው ቴልቴል የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሲሆን ከሚያዝያ እስከ ኅዳር 2012 ድረስ በአምስት ክፍሎች እየቆራረጠ፣ ልክ እኛ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ እንደምንጠብቀው አድማጭን እያስጠበቀ አወጣው። ኩባንያው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያቀረበው የጁራሲክ ፓርክ ጨዋታ በሐያስያን ዘንድ ክፉኛ ተነቅፎ ስለነበር ከእርሱ ብዙ የጠበቀ አልነበረም። በጨዋታው ውስጥ ተኩስ ጥቂት ነው። ተጫዋቹ በአብዛኛው የሚያደርገው መናገር ነው። ሰው ይጠይቀዋል፤ ሦስት ወይም አራት መልሶች ከፊቱ ይደረደራሉ፤ ከሥራቸው ጊዜውን የሚያሳይ መስመር እያጠረ ይሄዳል። ከመልሶቹ አንዱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። መስመሩ ሲያልቅ ያልመረጠ ሰው ዝም እንዳለ ይቆጠራል። አንዳንዴም ከመልሱ በኋላ በማያ ገጹ ጥግ፣ ክሌመንታይን ይህን እንደምታስታውሰው የሚናገር አጭር ጽሑፍ ብቅ ይላል።

ሐያስያን ተደነቁ ብል ያሳንሰዋል። በታኅሣሥ 2012 በአሜሪካው የስፓይክ ቴሌቪዥን የጨዋታዎች ሽልማት ላይ እጅግ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው ተፎካካሪዎች መካከል የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተባለ፤ ለክሌመንታይን ድምፅዋን የሰጠችው ሜሊሳ ኸቺሰንም በትወና ተሸለመች። በ2013 የብሪታንያው ባፍታ ለታሪኩ ሽልማት ሰጠው። እስከዚያው ዓመት መግቢያ ድረስ ከ8 ሚሊዮን በላይ ክፍሎች ተሽጠዋል። ሐያስያኑ ደጋግመው የጻፉት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ አንድን ልጅ በአደራ መቀበል ምን እንደሚያስጨንቅ በዚህ ጨዋታ ማወቃቸውን። በኮምፒዩተር ጨዋታ አልቅሰው የማያውቁ ጎልማሶች ማልቀሳቸውን ሳያፍሩ ጻፉ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ጎረቤቴ እንዳያየኝ ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሥቼ።

ነቀፌታውም የዋዛ አልነበረም። ጥቂቶች፣ ጣት ከማንቀሳቀስ ይልቅ የሚበዛው ማየትና ማዳመጥ ስለሆነ ይህ ጨዋታ አይባልም አሉ፤ ይህ ክርክር የቃላት ክርክር ስለሆነ አልፈዋለሁ። ሌላው ክስ ግን ከበድ ያለ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር ታሪኩ በተጫዋቹ ምርጫ እንደሚቀረጽ የሚናገር ማስታወቂያ ይታያል። ጨዋታውን ሁለተኛ ጊዜ የተጫወተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በመጀመሪያው ክፍል በአንድ እርሻ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጠቃሉ፤ ሾን የሚባል ወጣትና ዳክ የሚባል ሕፃን። ወደ ሾን ብትሮጥም ወደ ሕፃኑ ብትሮጥም ሾን ይሞታል። ቆየት ብሎ ከደግና ከካርሊ አንዳቸውን ብቻ የምታድንበት ሰዓት ይመጣል። ያዳንኸው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሦስተኛው ክፍል በአንድ ጥይት ይወድቃል። መንገዱ ሁለት ይመስላል እንጂ ፊት ሄዶ አንድ ነው። ሐያስያኑ ይህን የምርጫ ቅዠት አሉት፤ የዚህች ገጽ አንባቢ ነገሩን በሌላ ስም እንደሚያውቀው አልጠራጠርም።

በዚያው በ2012 መጋቢት ባዮዌር የተባለው ኩባንያ «ማስ ኢፌክት» የሚባለውን ታሪክ ሦስተኛ ክፍል አወጣ። በሦስት ጨዋታዎች የተጠራቀመ የተጫዋች ውሳኔ በመጨረሻዋ ሰዓት ወደሚመሳሰሉ ጥቂት ፍጻሜዎች ሲጠብ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ኩባንያው በሰኔ የተስፋፋ ፍጻሜ በነጻ ለማቅረብ ተገደደ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ዓይነት ጥፋት ቢከሰሱ አንደኛው ተወገዘ፣ ሁለተኛው ዘውድ ተጫነለት። አድልዎ ይመስላል፤ ለእኔ ግን አይደለም። «ማስ ኢፌክት» ለተጫዋቹ ጋላክሲን ያህል ነገር በእጁ እንዳለ ነግሮታል፤ ስለዚህ ውጤቱን መጠየቅ መብቱ ነው። የሊ ዓለም ግን ገና ሲከፈት ጠፍቷል። እዚያ ሾንን ታድናለህ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የተጠየቀው ሊ ወዴት እንደሮጠ ነው። ሟቹ ሲሞት የሩጫህን አቅጣጫ ያየ ሰው አለ፤ የሟቹ አባት አለ። የማስታወቂያው ቃል አታላይ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ክሱም እስከዚያ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ያለፈውን ግን፣ ማለትም ውጤት ካልተለወጠ ምርጫ የለም የሚለውን፣ መቀበል አልቻልኩም። የማልቀበልበት ምክንያት ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ሂስ ትምህርት ያገኘሁት አይደለም።

ወደ ውጭ ከመሄዴ ሦስት ዓመት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር ሳለሁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ተደርጌ ነበር። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ምግብ ቤቱ የተጻፈ አቤቱታ አስፈርመሃል ተብሎ ከፊታችን ቀረበ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን አስቀድሞ ተጽፎ በአቃፊ ይዞት መጥቷል፤ የቀረው የእኛ ፊርማ ብቻ ነበር። ልጁ ተጠየቀ፤ መለሰ፤ እንዲወጣ ተነገረው። ሰባት ነበርን። አምስት እጆች ወጡ። ሁለታችን ድምፀ ተአቅቦ አደረግን። ልጁ ለአንድ ዓመት ታገደ። ወደ ቤቴ ስመለስ ለራሴ የነገርኩትን በቃሉ አስታውሰዋለሁ፤ «የእኔ እጅ ቢወጣም ባይወጣም ያው ነበር»። ስሌቱ ትክክል ነው። አምስት ከሁለት ይበልጣል፤ ወረቀቱም አስቀድሞ ተጽፏል።

ይህን ስሌት ያፈረሰብኝ የጨዋታው አምስተኛ ክፍል ነው። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ሊና የተራቡት ጓደኞቹ ጫካ ውስጥ ባለቤት የሌለው የሚመስል፣ ምግብ የሞላበት መኪና ያገኛሉ። ክሌመንታይን የሰው ንብረት ቢሆንስ ብላ ታመነታለች። እኔ አልወሰድኩም፤ ጓደኞቹ ግን ወሰዱ፤ የሊ እምቢታ አንዲት ቆርቆሮ እንኳ አላስቀረም። ክፍሉ ሲያልቅ ጨዋታው በየውሳኔው የተጫዋቾችን ድርሻ በመቶኛ ይዘረዝራል፤ እኔም ካልወሰዱት ወገን መሆኔን አይቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በመጨረሻው ክፍል የመኪናው ባለቤት ይመጣል። ቤተሰቡን ያጣ፣ ልቡናው የተሰበረ፣ ክሌመንታይንን አታልሎ የወሰዳት ሰው ነው። ሊን ከፊቱ አስቀምጦ የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥርበታል። እኔ አልወሰድኩም የሚለው መልስ በእጄ ነበር፤ እውነትም ነበር። ሰውየውን ግን አልመለሰውም። ከእነርሱ ጋር ነበርክና።

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ጎረቤቴ አልቋል ወይ ቢለኝ አላለቀም አልኩት። የተረፈውን በማግስቱ ጨረስኩት።

ሐያስያኑ ያከበሩት ኩባንያ ኋላ ምን እንደሆነም መናገር ይገባል። ጨዋታውን በግንባር ቀደምትነት የመሩት ሾን ቫናማንና ጄክ ሮድኪን በ2013 ለቀው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ቴልቴል ግን ያንኑ ስልት በሌሎች ታሪኮች ላይ እየደጋገመ፣ ሠራተኞቹን እረፍት እየነሳ ቀጠለ፤ በየድግግሞሹም ቅዠቱ እየተገለጠ፣ ገበያውም እየቀዘቀዘ ሄደ። መስከረም 21 ቀን 2018 ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞች ያለ ስንብት ክፍያ ተሰናበቱ። የክሌመንታይን የመጨረሻ ታሪክ በመንገድ ላይ ነበርና የኪርክማን ኩባንያ ስካይባውንድ ተረክቦ በ2019 አስፈጸመው። ስለ አደራ እንዲህ ያማረ ታሪክ የጻፈ ቤት የራሱን ሰዎች በአንድ ቀን በር ላይ አስቀመጣቸው፤ ይህንም የጻፉት እነዚያው የጨዋታ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ያንን ተማሪ ያገኘሁት ከውጭ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የፈተና ወረቀት ለማባዛት ወደማላውቀው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው አወቀኝ። እኔ ለማወቅ ትንሽ ዘገየሁ። ከዓመት በኋላ ተመልሶ ትምህርቱን እንዳልጨረሰ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ አባቱ በዚያው ዓመት በማረፋቸው። ቂም በድምፁ አልነበረም።

«መምህር፣ ያን ቀን ከመስኮቱ አጠገብ ነበር የተቀመጡት» አለኝ። «ሁሉም አንዳንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። እርስዎ ብቻ ምንም አልጠየቁኝም።»

መስመሩ እያጠረ ሲሄድ ታየኝ። ከመልሶቹ መካከል ይቅርታ የሚል እንዳለ አውቅ ነበር። ሒሳቡን ከፈልኩ፤ መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ወረቀቶቹ ገና ትኩስ ነበሩ።