የወንድሜ ስኩተር

ታናሽ ወንድሜ ባጠራቀመው ገንዘብ ስኩተር ለመግዛት በተነሣ ጊዜ ምክር ጠየቀኝ። እኔም የጃፓኑን እንዲገዛ መከርሁት፤ የሆንዳ ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ሱፐር ከብ የተባለው ሞተር ብስክሌት በ2017 ቍጥሩ 100 ሚሊዮን መድረሱን አንብቤ ነበርና። እርሱ ግን ዋጋው ስለ ቀለለው የቻይናውን ገዛ።

ስምንት ወር ያህል በደኅና ነዳው። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ሚስቱና ትኵሳት የያዛት ልጃቸው ከኋላው ተቀምጠው ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የቤንዚኑ ቱቦ ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ቀሩ፤ ልጅቱንም ታቅፎ በእግሩ አደረሳት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳነች።

በማግሥቱ ልወቅሰው ወደ ጋራዡ ሄድሁ። ሽማግሌው መካኒክ ግን አሳፈረኝ፤ በብዙ የቻይና ስኩተሮች ላይ የሚገኘው ጂ ዋይ 6 የተባለው ሞተር ከሆንዳ ንድፍ የተወሰደ ነውና። ጕድለቱ ያለው ከሞተሩ ይልቅ በዙሪያው ባለው ላስቲክ፥ ሽቦና ብሎን ላይ ነው፤ ዋጋውም የረከሰው ከዚያው ተቀንሶ ነው አለኝ። ቱቦውን በጥቂት ብር ወዲያው ለወጠልን።

የእኔ አሮጌ የጃፓን ስኩተር ግን፥ ይህን ለወንድሜ አልነገርሁትም እንጂ፥ ቺንጋው ተበጥሶ ምትክ ስለ ታጣለት ኹለት ወር ሙሉ ከግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል።