እንቢ ስላለ የጀልባ ሞተርና በዘመዶቼ መካከል ስላነሣው ክርክር

በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ከጀልባ ሞተር ጋራ የሚተዋወቅበት ምክንያት እምብዛም አልነበረም። የምኖርባት ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች፣ እንሰት በየጓሮው የበዛባት ከተማ ናት። ነገር ግን ከሐድያና ከከምባታ ምድር በስተ ምዕራብ በጥልቅ ሸለቆ የሚወርደው የኦሞ ወንዝ እንደ ቀድሞው አይደለም። ቁመቱ ከ240 ሜትር የሚበልጠው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ወንዙም ወደ ኋላው ተኝቶ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐይቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ለማዶ የሚተያይ ዘመድ ለመገናኘት ጀልባ የሚያሻው ሆነ፤ ለጀልባም ሞተር ይፈለጋል፤ ወደ ቤታችን የገባውም በዚህ መንገድ ነው።

የእኅቴ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ በማጣት ሁለት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ፣ ከሙዱላ በታች ባለው የሐይቅ ዳርቻ ሰውና ዕቃ እያሻገረ ለመኖር አሰበ። ጀልባውን ከጓደኞቹ ጋራ በማኅበር አሠራ፤ የሞተሩን ዋጋ ግን የሰጡት አክስቴ ናቸው። አክስቴ በዱራሜ አጠገብ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እንሰታቸውንና ከብታቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ፣ አንዲት ሳንቲም ያለ ምክንያት ከእጃቸው የማትወጣ ሴት ናቸው። ሁለት በሬ ሸጡ፤ የዕቁባቸውንም ገንዘብ ጨመሩ። ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ያገለገለ፣ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሰጠው ሞተር ገዛ፤ ሻጩም በውኃ በርሜል ውስጥ አስነሥቶ አሳየው። ከዚያም በአክስቴ ቤት በኩል አልፎ፣ ተመርቆ ወደ ሐይቁ ወረደ።

በሐይቁ ዳር ግን ሞተሩ እንቢ አለ። ልጁ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ ውሎ መዳፉ ተላጠ፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ዱራሜ ደረሰ። አክስቴም ጎረቤት በተሰበሰበበት ቡና ላይ «ከዋጋው ለራሱ ቀንሶ አሮጌ ብረት ይዞልኝ መጣ» አሉ። የሁለቱ በሬ ጉዳት በሌላ ዓመት ይካካስ ይሆናል፤ ገና ሥራ ባልጀመረ ልጅ ላይ በጎረቤት ፊት የተነገረ እንዲህ ያለ ቃል ግን እስከ ጋብቻው ይከተለዋል። ለእሑድ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ቀን ተቆረጠ። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ስለ ተጠራሁ፣ ሰውየው ከመመርመሩ በፊት ዕቃው እንዲመረመር ለመንሁ። ከመሥሪያ ቤት ሥራዬ ሌላ የሞተር ብስክሌት ስፈታና ስገጥም የኖርሁ በመሆኔ ልመናዬን ተቀበሉኝ፤ ሞተሩም ከነታንኩ፣ ከነጀሪካኑ ተጭኖ ረቡዕ ማታ ሆሳዕና ቤቴ ገባ።

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ታሪኩም የቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ከኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ሳሉ እጮኛው አይስክሬም ስላማራት ቀዝፎ ሄዶ ገዝቶ ሲመለስ በመንገድ ቀለጠበት፤ ሞተሩን ያሰበው ያን ቀን ነው እየተባለ ይተረካል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ለገበያ ያወጣው ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበትና 28 ኪሎ ያህል ክብደት ነበረው። ያችው እጮኛ ቤስ ሚስቱ ሆና የንግዱን ሒሳብ ትይዝ ነበር። ይህን ለአክስቴ በስልክ ብነግራቸው «እርሷ ሒሳቡን ይዛለች፤ እኔ ግን በእምነት ሰጠሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ታሪክ መተረኩን ተውሁ።

ሐሙስ ጧት ባለቤቴ እያጉረመረመች የውኃ በርሜሏን ሰጠችኝ፤ ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥር በሚስበው ውኃ ስለ ሆነ በደረቅ ማስነሣት ያበላሸዋልና። ልጁ ወዲያው ገመዱን ለመሳብ ቸኮለ፤ እኔ ግን ከለከልሁት። ብዙ ሰው ሞተር እንቢ ሲለው ጉልበት ይጨምራል እንጂ አይጠይቅም። መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን ነገር አየን። ነጂው ከጀልባ ቢወድቅ ሞተሩ እንዲጠፋ በክንድ የሚታሰረው ቀይ ገመድ በስፍራው ተሰክቷል፤ ማርሹም ፎሌ ላይ ነው። በታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ብሎን ተከፍታለች፤ እርሷ ከተዘጋች ቤንዚኑ ሲወጣ በፋንታው አየር ስለማይገባ ጥቂት ቆይቶ መውረዱን ያቆማል። በጎማው ቱቦ መካከል ያለውን ኳስ ብንጨምቀው ጠነከረ፤ ይህም ከታንኩ የሚመጣ ፈሳሽ እስከ ሞተሩ መድረሱን ያሳያል።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈታን። ካንዴላ ደርቆ ቢገኝ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው፤ ርሶ ቢገኝ ደግሞ ደርሶ አልነደደም ማለት ነው። የእኛ ርሶ ነበር። ታንኩን አርቀን፣ ሕፃናቱን ከግቢ አስወጥተን ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋራ አስነክተን ገመዱን ብንስብ ሰማያዊ እሳት ፈነጠቀ። እንግዲህ እሳቱ አለ፤ እርጥበቱም አለ፤ ታዲያ ስለ ምን አይነድም? ካንዴላውን በፀሐይ አዙሬ ባየሁት ጊዜ እርጥበቱ እንደ ጤዛ ተንከባልሎ ቆሟል። ቤንዚን እንዲህ አይቆምም፤ ተንሰራፍቶ ወዲያው ይተናል።

ከቁም ሣጥን አንድ ብርሌ አውጥቼ ከታንኩ ሥር የተቀዳውን ፈሳሽ ሞላሁበት፤ ባለቤቴ ይህን ስታይ የተናገረችውን ለጋዜጣ አልጽፈውም። ጥቂት ዝም ብለን ተመለከትን። በብርሌው አንገትና ሆድ ውስጥ በዘይት የቀለመው ቤንዚን ተንሳፈፈ፤ ከታች ግን ሁለት ጣት የሚያህል የጠራ ውኃ ተኛ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታንኩ ሥር ይወርዳል፤ የሞተሩም ቱቦ የሚስበው ከሥር ነውና ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠጣው ውኃውን ነው። የሻጩ በርሜል ውስጥ የተነሣው በንጹሕ ቤንዚን ነበር።

«ውኃው ከየት መጣ?» ብዬ ብጠይቀው ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ ወደ ቢጫው ጀሪካን ብቻ ተመለከተ። ጀሪካኑ የአክስቴ ነበር። በሚያልፍበት ቀን «ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ይህን አጥቤልሃለሁ» ብለው በደግነት የሰጡት፣ ከምንጭ ውኃ ሲቀዱበት የኖሩት ዕቃ ነው፤ ታጥቦ ሳይደርቅ ቤንዚን ተቀዳበት። «ጋሼ፣ ይህን በሽማግሌ ፊት አይንገሩብኝ። የአስታረቁኝ እንደሆነ ይበቃኛል» አለኝ።

ልመናው አስጨነቀኝ። ዝም ብል ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን «ደግሞ በምን አሳምሮ አስጠገነው» መባሉ አይቀርም፤ ጥርጥሩም እንዳለ ይኖራል። በሸንጎ ብናገር ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው አክስቴን አዋርዳለሁ፤ ያውም ስለ ሠሩት በጎ ነገር። በበኩሌ ከሁሉ የሚሻለው ለእርሳቸው ብቻ መንገር ሆኖ ታየኝ።

ዓርብ ታንኩን አራግፈን በፀሐይ አደረቅን፤ የካርቡራተሩን ሥር ከፍተን የተቀመጠውን ውኃ አፈሰስን፤ ቀጭኑን ቀዳዳም በትንፋሽ አጠራን። በመጽሐፉ ትእዛዝ መሠረት ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ደባለቅን። አሁንም አልተነሣም፤ ልጁም ፊቱ ጠቆረ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የደጋው ነገር ነው። በሆሳዕና የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ይልቅ ሩብ ያህል ዝቅ ይላል፤ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር በዚህ ከፍታ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛበታል። በላዩ ቾክ የተባለውን የአየር መዝጊያ ደጋግመው ሲስቡት ሞተሩ በቤንዚን ይሰምጣል። ካንዴላውን አውጥተን አደረቅን፤ ቾኩን መልሰን፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍተን፣ ካንዴላው በሌለበት ገመዱን አምስት ጊዜ ያህል ሳብን፤ ከዚያም ገጥመን በሁለተኛው ስበት ተነሣ። ጢሱ ግቢውን ሞላው። ከ900 ሜትር በታች ባለው ሐይቅ ጢሱ እንደሚቀንስ ነገርሁት።

እሑድ ዱራሜ ስንደርስ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ ወደ ጓዳ ገባሁና ለአክስቴ ብርሌውን አሳየኋቸው። ስለ ጀሪካኑ የተናገርሁት በሁለት ቃል ነው። አዙረው አዙረው ተመለከቱት፤ አንድ ጊዜ «ልጁ ያውቃል?» አሉኝ። «ያውቃል፤ እንዳልናገር ለምኖኛል» አልሁ። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው አንደኛው ነገሩን ሊከፍት ሲል አክስቴ አቋረጡና፣ ያን ዕለት ቡና የጠጡት ጎረቤቶች ሁሉ እንዲጠሩ አዘዙ። እስኪመጡ ድረስ ጠበቅን። ሁሉም ሲሞላ ብርሌውን በመካከል አስቀመጡትና «ውኃው የእኔ ነው፤ ቃሉም የእኔ ነበር» አሉ። ልጁ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ አተካናው በቅቤ ተለውሶ ቀረበ፤ ስለ ሞተሩ የጠየቀ ሽማግሌ አልነበረም።

ሞተሩ ሰኞ በሐደሮ በኩል ወደ ሐይቁ ወረደ። ብርሌውም አብሮ ሄደ፤ ልጁ እያንዳንዱን ጀሪካን በእርሱ እየፈተነ ይቀዳል፤ ባለቤቴም ሽታው የማይለቅ ብርሌ አልቀበልም ብላለች።