ትምህርትና ጠባይ

ዕውቀት በጆሮ ገብቶ በልብ እስኪያድር ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ሳሰላስል፣ አሳቤ ዘወትር የሚያርፈው በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዐት ላይ ነው። ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት እስኪደግም ድረስ፣ ያንኑ ቃል አንድ ጊዜ በቍጥር፣ ሌላ ጊዜ በቁም ንባብ እየመላለሰ የሚለው ሕፃን፣ ትምህርቱ ከብራናው አልፎ በሕሊናው ይታተምለታል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናቱ፣ በአንድ ጊዜ ከሚታጨቅ ጥናት ይልቅ በየጊዜው ተከፋፍሎ የሚደጋገመው እንደሚበልጥ ገልጿል፤ የኛ መምህራን ግን ይህንኑ በልማድ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ነገር ግን መደጋገም ብቻውን ሊቅ አያደርግም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ አይቀርም፤ በልቡ የቈጠረውን በመምህሩ ፊት ነግሮ፣ ታርሞ፣ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይቈጥራል፤ የገፋውም ጀማሪውን ሲያስጠና የራሱን ዕውቀት ያጸናል። ትሕትናና ትዕግሥት ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ የትምህርት ክፍሎች ሳይሆኑ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ከባልንጀራው ጋር ሲካፈል፣ መምህሩንም ሲያገለግል፣ በኑሮ የሚዋሐዱት ናቸው።

ስለዚህ በጎ ጠባይ በምክር ብዛት ይተላለፋል ብዬ አላምንም፤ ልጆቻችን መታረምን እንዲወዱ የምንሻ ከሆነ፣ አስቀድመን እኛ በፊታቸው ስንታረም ይዩን።