ቀለም የሌላቸው ወፎች

ስለ ወፍ ሲወራ የብዙ ሰው ልብ የሚሄደው ወደ ጌጠኛው ነው። አምቦም በዚህ በኩል አታሳፍርም። በሁሉቃ ወንዝ ዳር ገላዋ አረንጓዴ፣ ጉንጯ ነጭ የሆነች ወፍ ክንፏን ስትዘረጋ እንደ በርበሬ የቀላ ላባ ብልጭ ይላል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። እኛም እንቆማለን። ነገር ግን ወደ ጉደር በእግሩ የሄደ ሰው መንገዱን ሙሉ የሚያገኛቸው አፈርማ፣ ዳለቻና ቡናማ ወፎች ናቸው። ልንሟገት የተነሳነው ለእነርሱ ነው።

በመጀመሪያ ጆሮ ይፍረድ። በመናገሻና በመሰሉት ደገኛ የጽድ ደኖች ውስጥ ፈረንጆች «የአቢሲኒያ የድመት ወፍ» የሚሏት አለች። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አትገኝም። በሳይንስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1843 ሲሆን የተሰየመችውም ጋሊኒዬ በተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ነው። ወንዱ ጥርት ባለ ድምፅ ያዜማል፣ ሴቷ በሚርገበገብ ድምፅ ትቀበለዋለች፤ አውጪና ተቀባይ ማለት እኮ ነው! ዜማውን ተከትሎ የሄደ ሰው ታዲያ የሚያገኘው ከጅራቷ ሥር ቀላ ከማለቷ በስተቀር አመድ የመሰለች ወፍ ነው።

ማር ጠቋሚዋም ቡናማ ናት። ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ካህን በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን ሳለ ያወቃትን፣ ሰውን ወደ ማር የምትመራ ወፍ በመጽሐፉ አንስቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጄምስ ብሩስ ግን አላመነውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁሴን ኢሳቅና ሬየር በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር ሆነው ያጠኑት ጥናት ወጣ። ቆራጮቹ በማያውቁት ሥፍራ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት ያለ ወፍ በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ በወፏ መሪነት ግን 3.2 ሰዓት ብቻ ፈጅቶባቸዋል። ሰዎቹ ማሩን ሲቆርጡ እርሷ ሰሙን ትበላለች። (ጠባይዋ ግን ሌላ ነው። እንቁላሏን በሰው ጎጆ፣ ማለት በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች፤ ጫጩቷም የባለቤቶቹን ልጆች ትገድላለች። ቀለመ ቢስ ሁሉ ጨዋ ነው አላልንም።)

እንዲህ ያሉትን ወፎች አብጠርጥረው የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ ችግሩ ክፍል ውስጥ አለመገኘታቸው ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ማሽላው ሲያሸት አምስት ተማሪዎች ቀሩ። ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ሄደን ጎበኘናቸው። አንደኛው፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከማሳው ብድግ የሚለውን ቡናማ መንጋ በአበራረሩና በድምፁ ይለየዋል። አንዷን እያሳየን፣

«መምህር፣ ያቺን አንመታትም፤ ትል ለቃሚ ናት» አለን።

ማስታወሻ ያዝን። በስም መጥሪያው ላይ ከአጠገቡ የተጻፈው ግን «ቀሪ» ብቻ ነው። አባቱን አነጋገርናቸው። እርሳቸውም እህሉ እስኪገባ ድረስ ጧት ጧት እርሳቸው ሊጠብቁ፣ ልጁም ወደ ክፍል ሊመጣ ተስማሙ። ከሰዓት በኋላውን ገና አልጨረስነውም።

እስከዚያው የወፎቹን ሥዕል በማዳበሪያ ጆንያ ላይ እየሠራን ነው። ለግራጫው ከሰል፣ ለቡናማው የቡና አተላ ሆኖልናል። ከሥራቸው ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ስማቸውን የሚነግረን እርሱ ነው።